ማሽኗ «አልቦ» አለች

የዚያን ዕለት ምናለሽ ተራ አንድ ሰዓት ሙሉ አርፍዳ ደረሰች። ነፋስ ወደ ሱሉልታ ገፍቷት ኖሮ፣ ገበያተኛው መርካቶ መሬት ላይ መሰላሉን ይዞ አንጋጦ ሲጠብቅ አንገቱ ደርቆ ቀረ። በመጨረሻ ጎተራ ጎተራ የሚያካክሉ ፊኛዎቿን እያወዛወዘች፣ ሦስት መቶ ሱቆቿን በገመድ እንደ ድሪ አስከትላ ከደመና ሥር ብቅ ስትል፣ ሰዉ «እሰይ!» ብሎ መሰላሉን ወረወረ። የተቆጣ ሰው አልነበረም። ባለፈው ክረምት እኮ ደብረ ብርሃን ሰንብታ ነው የመጣችው፤ ዶሮዎቿ ሁሉ ካልሲ አድርገው ነበር ይባላል።

ወደ ሰማይ የወጣችው ምድሩ በፎቅ ሲሞላ ነው። አሮጌ ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው ሁሉ «ወይ ዝም በሉ፣ ወይ ተነሡ» አሉት። ዝም ማለት አልቻለበትምና ተነሣ። ከነመዶሻው፣ ከነጩኸቱ፣ ከነስድቡ ተነሥቶ ወጣ።

በመጨረሻው ገመድ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለችው ሱቅ የቀጸላ ናት። ቀጸላ ሕልመ ጌጥ ሠሪ ነው። ሕልመ ጌጥ የሚሠራው ሰው ብዙ ዘመን ከያዘው ዕቃ ነው፤ ከቆርኪ፣ ከሰዓት ጥርስ፣ ከሸሚዝ ቁልፍ፣ ከተሰበረ ማንኪያ። አሮጌ ዕቃ የለመደውን እጅ አይረሳም። ጌጡ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል «ጤፊት» የምትባል ማሽን ትበየድበታለች፤ ያደረገው ሰው ሲተኛ ጤፊት ትበራለች፣ ዕቃው የኖረውንም ሁሉ በሕልሙ ታሳየዋለች። ከአሮጌ አውቶቡስ ደወል ቀለበት ያሠራች አንዲት ሴትዮ ሌሊቱን ሙሉ «ወራጅ አለ!» እያለች ብትጮህ ባሏ ከአልጋው ወረደ። ሁለት ጌጥ ደርቦ መተኛት ደግሞ አይመከርም። የዳኛ ካባ ቁልፍና የፍየል ቃጭል ደርቦ የተኛ ሰውዬ ፍየሏ ላይ ሦስት ዓመት ፈርዶባት ነቅቷል።

ጌጥ ሳያደርግ የሚተኛ ግን አልነበረም። ሕፃን ልጅ እንኳ ስም በወጣለት ዕለት ጉትቻ ይደረግለታል። ባዶ እንቅልፍ ጉድጓድ ነው ይባል ነበር፤ ገብቶበት ተመልሶ ያወራ ሰው ግን አልተገኘም።

የዚያን ዕለት ጠዋት መሰላሉን ቀድመው የወጡት አቶ ሲራክ ናቸው። የሕልም ልክ ቢሮ ተቆጣጣሪ ናቸው፤ ክራቫታቸው በነፋስ አይወዛወዝም። አዲስ አንባቢት ተሸክመው መጥተዋል። አንባቢት ማለት አሮጌ ዕቃ ሳህኗ ላይ ሲያኖሩላት ውስጡ የማን ሕይወት እንዳለ በወረቀት ጽፋ የምትተፋ ማሽን ናት።

«አሮጌዋን ምን አጠፋች ብለው ነው የሚወስዷት?» አለ ቀጸላ።

«ትሳደባለች።»

«የምትሰድበው እኔን ብቻ ነው። ተላምደናል።»

እውነቱን ነው። አሮጌዋ ባዶ ዕቃ ስታገኝ «ምንም የለውም፣ ወርውረው፣ አንተ ደንቆሮ» ብላ ትጽፍ ነበር። ለመግባባት እንደሷ ያለ የለም።

«ይቺኛዋን ቋንቋ ያስተማሯት ሊቃውንት ናቸው» አሉ አቶ ሲራክ፣ ሽቦውን እያገናኙ። «አቶ ቀጸላ፣ ሕጉን አይርሱ። ባዶ ጌጥ የሸጠ ሰው ገመዱ ይቆረጣል። ሱቁ ነፋስ ወደ ወሰደው ይሄዳል።»

«አምና የቆረጡት ጎረቤቴ ከየመን ሰላምታ ልኮልኛል። ተመችቶታል አሉ።»

አቶ ሲራክ አልሳቁም። ቀበቷቸው ላይ የተንጠለጠለውን የገመድ መቀስ አስተካክለው ወረዱ።

ከሳቸው ቀጥላ መሰላሉን የወጣችው ምንትዋብ ናት። ደመና ጎታች ናት፤ በረጅም መንጠቆ ደመና እየሳበች ዝናብ ወደ ራቀው ቀበሌ የምታደርስ። መዳፏ በገመድ ሻክሯል፣ ጫማዋም ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ቀጸላ ደንበኛ ሲመጣ የሰፈሩን ሰላምታ ነው የሚሰጠው።

«ምን አለሽ?»

የካራሜላ ቆርቆሮ ከጉያዋ አወጣች።

«የእናቴ ነው። የዛሬ ስምንት ቀን ላገባ ነው፣ ጋሽ ቀጸላ። የሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ ሞተች። ፎቶዋ በዓመተ ስርዝ ጠፋ።»

ዓመተ ስርዝ የሰው ሁሉ ፎቶ ባንዴ የተሰረዘበት ዓመት ነው። ማን እንደሰረዘው አይታወቅም፤ አንዲት ድመት ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ተኝታ ነው የሚሉ አሉ።

«ፊቷን አላውቀውም» አለች ምንትዋብ። «የቀረኝ ይኸው ቆርቆሮ ነው። አንድ ጊዜ፣ ሳላገባ፣ አንድ ጊዜ ልያት። ድሪ ቢሆንልኝ ደስ ይለኛል።»

ቀጸላ ቆርቆሮውን ከፈተው። ስድስት የሸሚዝ ቁልፎች፣ ልብስ ሰፊ ጣቱ ላይ የሚያጠልቃት የብረት ቆብ፣ የትንሽ ሣጥን መክፈቻ፣ አራት የፀጉር ሽቦና ሁለት የሽምብራ ፍሬ የሚያካክሉ ቃጭሎች። ሁሉንም ሳህኗ ላይ ዘረገፈው። አሮጌዋ ቢሆን ታጉረመርም ነበር፤ አዲሷ እንደ ዲያቆን ጉሮሮዋን ጠርጋ አንዲት ቁራጭ ወረቀት አወጣች። የአሮጌዋ ወረቀት እንደ መቀነት የረዘመ ነበር፦ የማን እጅ፣ ምን ሽታ፣ ስንት ሐዘን። በዚህችኛዋ ላይ ያለው ቃል አንድ ብቻ ነው።

አልቦ።

ቀጸላ ትምህርት ያቆመው አራተኛ ክፍል ነው፤ እሱም መምህሩ ቦርሳ ውስጥ እንቁራሪት በመገኘቷ። ማንበብ ግን ያነባል። ቃሏን ጣቱን እያስኬደ አነበበና ፊቱ በራ።

«አየሽ ማሽን! የውስጡን ብቻ አይደለም፣ ምን እንደሚሠራበትም ትናገራለች! አልቦ ብላለች። የእግር አልቦ!»

«እኔ ድሪ ነበር ያልኩት…»

«ሊቃውንት ያስተማሯት ናት እኮ! አልቦ ካለች አልቦ ነው። እናትሽ በአልቦ መምጣት ፈልጋ ይሆናል። ጨፋሪ እግር ነበራት?»

«አላውቅም።»

«ነበራት። እየጨፈረች ነው የምትመጣልሽ፤ እንዲያውም አሁን ቃጭሉን ሳነሣው ሰማኋት!»

ቀጸላ እንዲህ ነው። ውሸቱ ሰውን ለመጉዳት አይደለም፤ ዝም ያለ ነገር ስለሚያስጨንቀው ነው። ምንትዋብ ግን አመነችው፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ያን ጊዜ ቀጸላ ትንሽ ደነገጠ፣ መልሶም ረሳው።

ሦስት ቀን ሠራ። የሣጥኑን መክፈቻ በእሳት አሙቆ እንደ ግማሽ ጨረቃ አጠፈው። የፀጉር ሽቦዎቹን እንደ ሹሩባ ጎንጉኖ ሰንሰለት አደረጋቸው። ቁልፎቹን በየቀዳዳቸው አስሮ ደረደራቸው፣ የጣት ቆቧን እንደ ጉልላት መሀል ላይ ተከላት፣ ቃጭሎቹን ከግራና ከቀኝ አንጠለጠላቸው። ሲሠራ ፊኛዎቹ ከላይ ይተነፍሳሉ፣ ሱቋ ትወዛወዛለች፣ የደመና ጥግ በመስኮቱ ገብቶ ወናፉን ይልሰዋል። አንድ ነገር ብቻ ገረመው። የሣጥኑ መክፈቻ ጥርስ አልተበላም። በቁልፎቹ ቀዳዳ ክር አልፎ አያውቅም። የጣት ቆቧ ላይ የመርፌ ጠባሳ የለም። «ጠንቃቃ ሴት ነበረች» አለና ሞረዱን አነሣ።

በአራተኛው ቀን ቀትር ላይ ምንትዋብ ልትሞክረው መጣች። ጫማ ሻጭ ዘንድ ጫማ አጥልቀው እንደሚራመዱት፣ ሕልመ ጌጥ ሻጭ ዘንድ ደግሞ ይተኛሉ። ለዚሁ ተብሎ ከጣሪያው የተንጠለጠለ የገመድ አልጋ አለ። ምንትዋብ ሕልም እንዳይደባለቅባት ጉትቻዋን፣ ቀለበቷን፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ያልወለቀውን ያንገቷን ጨሌ ሳይቀር አወለቀች። ቀጸላ አልቦውን ቀኝ እግሯ ላይ አሰረላት። ነፋሱ ሁለቴ ሲያወዛውዛት እንቅልፍ ወሰዳት።

ያን ጊዜ ሉባባ ገባች። ሉባባ የጎን ሱቅ ዶቃ ለቃሚ ናት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች፣ ይህንንም ለቀጸላ በቀን ሁለቴ ታስታውሰዋለች።

«ማሻ አላህ፣ ምን ያምራል!» አለች የምንትዋብን እግር አይታ። ቀጥላ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ወረቀት አነሣች። «ይቺ የምን ናት?»

«የሷ ናት። አዲሷ ማሽን ምን እንደምሠራም ትነግረኛለች።»

ሉባባ ወረቀቷን አየች፣ እሱን አየች፣ ተመልሳ ወረቀቷን አየች።

«ቀጸላ።»

«አቤት።»

«ሰፈሩ ሥርዓት አልበኛ ሲልህ ምን ማለቱ ይመስልሃል?»

«ሥርዓት የሌለው።»

«እንግዲያ አልቦ ምንድን ነው?»

«የእግር ጌጥ ነዋ።»

«ሌላስ?»

ቀጸላ አሰበ። እንቁራሪቷ ባትኖር ኖሮ የሚማረው ትምህርት የት ጋ እንደቀረ ሊያስታውስ ሞከረ። ቀስ ብሎ ፊቱ አመድ ለበሰ።

«የሌለው…» አለ።

«ምንም የለም፣ ባዶ፣ ዜሮ! የሊቅ ቋንቋ ነው፣ አንተ ቀጣፊ! ቆርቆሮው ውስጥ ማንም የለም ነው ያለችህ። አንተ አጥፈህ፣ በስተህ፣ በይደህ ጨረስከው!»

«ቀስ በይ፣ ትነቃለች።»

«ብትነቃ ምን ይቀርባታል? ወላሂ፣ ሰውዬው ገመድህን አይቆርጥም፤ እኔ ነኝ የምቆርጠው።»

ቀጸላ ገመዱን አላሰበውም። ያሰበው «እየጨፈረች ነው የምትመጣልሽ» ያላትን ነው። ልጅቷ ሃያ ሦስት ዓመት የጠበቀችው ይህንን እንቅልፍ ነው፤ እሱ ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ ከቷታል።

መሳቢያውን ከፈተና አንዲት ቀጭን ቀለበት አወጣ። ከሹራብ መሥሪያ ሽቦ የተጠቀለለች ናት፤ የአንዲት ዘጠኝ ልጅ ያሳደገች ደግ ሴት ናት። ያጠለቃት ሰው ሁሉ ታቅፎ፣ ተዘፍኖለት፣ ጠግቦ ይነቃል። ለክፉ ቀን ያስቀመጣት ናት።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለች ሉባባ።

«ቀስ ብዬ አጠልቅላታለሁ። ስትነቃ አወልቃለሁ። እናት አየች፣ አለቀ።»

«የሰው እናት?»

«ከባዶ አይሻልም?»

«ዕድሜ ልኳን የሌላ ሴት ፊት ይዛ ትኖራለች፤ ልጅ ወልዳ አያትህን ትመስላለህ ትለዋለች። ይሄ እንቁራሪት አይደለም፣ ቀጸላ።»

ቀጸላ ጎንበስ አለ። ቀለበቷን ከሻካራው ጣት ጫፍ ላይ አደረሳት። በሕይወቱ ብዙ ዋሽቷል፤ ስለ አንድ ተራ ቆርኪ ንጉሥ ጠጥቶበታል ብሎ ምሎ ያውቃል። ይቺ ውሸት ግን ከቀለበቷ ትከብዳለች።

ያን ጊዜ ቃጭሉ ነፋስ ሳይኖር ጮኸ።

የምንትዋብ እግር ተወራጨ። ቀጸላ ጤፊቷን አያት፤ አልበራችም። ጨልማለች፣ ተኝታለች፣ የምታሳየው የላትም። የልጅቷ ሽፋሽፍት ግን ይርገበገባል፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ቀጥሎ በእንቅልፏ ሳቀች። ለሰው ቀልድ መልስ የሰጠች ያህል ነው የሳቀችው።

«ጤፊቷ ጠፍታለች» አለ ቀጸላ በሹክሹክታ። «ታዲያ ማን ነው የሚያስቃት?»

ሁለቱም ቀለበቷን መሀላቸው ይዘው እንደቆሙ ምንትዋብ ነቃች።

«አየኋት» አለች።

ቀጸላ አሜን ብሎ ዝም ማለት ይችል ነበር። ምን እንደነካው አይታወቅም፣ ዝም አላለም።

«ልጄ፣ አታለልኩሽ። ሆን ብዬ አይደለም፣ ከድንቁርና ነው። አልቦው ባዶ ነው። ማሽኗ ምንም የለበትም ብላ ነበር። ስትጨፍር ሰማኋት ያልኩትም ውሸቴን ነው።»

«አልጨፈረችም» አለች ምንትዋብ፣ እንዳልሰማችው ሆና። «ወንበር ላይ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክል ነበር። ቀና አለችና፣ ‹ምንትዋብ፣ ጫማሽ ረጥቧል፣ አውልቂው› አለችኝ። ደመና ጎታች እኮ ነኝ፣ መቼም አይደርቅም ስላት፣ ‹እንግዲያ ደመናውንም ደጅ አሳድሪው፣ ወለሌን አታጨቅዪብኝ› አለች። ያን ጊዜ ነው የሳቅሁት።»

ሉባባ የገመድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ምንትዋብ አለችሽ? በስምሽ?»

«በስሜ።»

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በሕልመ ጌጥ የሚታይ ሰው ተመልካቹን አያውቀውም። ያለፈውን ይደግማል እንጂ መልስ አይሰጥም፤ ቢጠራም የሚጠራው የባለ ዕቃውን ስም ነው። ሉባባ በጉትቻዋ ስትጠራ የኖረችው «ኮማንደር» ተብላ ነው። ቀጸላ በማተቡ ጫፍ ባሰራት ብሎን የተነሣ አርባ ዓመት ሙሉ «አንቺ ልጅ» ሲባል አድሯል። በዚያች ከተማ በሕልሙ በገዛ ስሙ የተጠራ ሰው ከጠፋ ስንት ዘመኑ! እንደጠፋም ልብ ያለ የለም።

«ደመና ጎታች መሆንሽን ዕቃው ከየት ያውቃል?» አለች ሉባባ። «ስትሞት የሦስት ዓመት ልጅ ነበርሽ።»

ምንትዋብ እግሯን ወደ ላይ አንሥታ አልቦውን ተመለከተችው። በጣቷ ቁልፎቹን ዳበሰች፤ ክር ያልገባበትን ቀዳዳ፣ መርፌ ያልነካውን ቆብ፣ ምንም ያልከፈተውን መክፈቻ።

«አዲስ ናቸው» አለች። «ያኔ አዲስ ነበሩ። ማንም አልተጠቀመባቸውም።»

ቀና ብላ ቀጠለች፦

«ለእኔ ያስቀመጠችው ነው። ሳድግ ሰፍቼ እንድተክላቸው፣ ፀጉሬን እንዳስይዝበት። ለዚያ ነው ባዶ የሆነው። የሷ ስላልነበረ ነው፣ የእኔ ነው።»

ቀጸላ ቀለበቷን ወደ መሳቢያው መለሳት። «ያየሽው ፊት የሷ ይሁን አይሁን ግን የሚያውቅ የለም፣ ልጄ። ውሸት ሊሆን ይችላል።»

«ውሸትም ከሆነ የራሴ ውሸት ነው» አለች። «እስከ ዛሬ የሰው እውነት ነበር የማየው።»

ጫማዋን ሳታጠልቅ፣ በባዶ እግሯ፣ ቅጭል ቅጭል እያለች መሰላሉን ወረደች። ጉትቻዋን፣ ቀለበቷንና ጨሌዋን ጠረጴዛው ላይ ረስታቸው ሄደች። ተመልሳም አልጠየቀች።

ምስጢር ምናለሽ ተራ ውስጥ የሚቆየው ምሳ እስኪደርስ ነው። ሉባባ ለአንዲት ጓደኛዋ ብቻ ነገረች፣ ጓደኛዋም እንዲሁ ለአንዲት ብቻ። በሁለተኛው ወር ቀጸላ ከባዶ ዕቃ አልቦ የማይሠራበት ቀን ጠፋ። ከፋብሪካ ወጥቶ ሰው ሳይነካው ያረጀ ነገር ይፈልጉለት ጀመር፤ ያልተላከ ደብዳቤ ማሸጊያ፣ ያልጮኸ ደወል፣ ያልተነፋ ፊሽካ። ሴቶቹ ገልጠው ያደርጉታል። ወንዶቹ አልቦ የሴት ነው ብለው ስለሚያፍሩ በካልሲ ውስጥ ይደብቁታል። እድር ላይ ሽማግሌዎቹ ሲነሡ አዳራሹ የበግ በረት የመሰለው ለዚህ ነው።

ቀጸላም ብሎኑን ፈትቶ ሞከረው። የአራተኛ ክፍል መምህሩን አየ። «ቀጸላ! አልቦ ማለት ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቁት፤ ሁለቱንም ትርጉም መለሰ፣ እንቁራሪቷም ከቦርሳው ብቅ ብላ አጨበጨበችለት። ይህን ለሰፈሩ ሲያወራ ስለ እንቁራሪቷ ያመነው አለ። መለሰ ብሎ ያመነው ግን የለም።

አንድ ጠዋት ታዲያ አቶ ሲራክ መጡ። መቀሳቸውን ይዘዋል። ከፊት ያሉት ሱቆች ሁሉ መዶሻቸውን አቆሙ። ሉባባ የዶቃ ወንፊቷን እንደያዘች ቀጸላ አጠገብ መጥታ ቆመች።

«ባዶ ጌጥ ይሸጣል የሚል ጥቆማ ደርሶናል» አሉ አቶ ሲራክ። «ልፈትሽ ነው።»

«ይፈትሹ» አለ ቀጸላ። ጠረጴዛው ላይ አሥራ አንድ አልቦ እንደ ተኙ ዓሦች ተደርድሯል፤ የሚደበቅበት ጊዜም ቦታም አልነበረም።

አቶ ሲራክ ወደ ጠረጴዛው አንድ እርምጃ ተራመዱ።

ቅጭል።

ቆሙ። ሁሉም ቆመ። ሉባባ ወንፊቷን ዓይኗ ድረስ አነሣችው። አቶ ሲራክ በጣም በዝግታ፣ በረዶ ላይ እንደሚሄድ ሰው፣ ሌላ እርምጃ ሞከሩ።

ቅጭል፣ ቅጭል።

ክራቫታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ነፋስ ሲያወዛውዘው ታየ። ከዓይናቸው ሥር የነበረው ጥቁር ነገር ለቋል፤ ትናንት ማታ አንድ ሰው በስማቸው የጠራቸው ይመስላሉ። አሥራ አንዱን አልቦ አንድ በአንድ አዩአቸው። ከዚያ ወረቀትና እርሳስ አወጡ።

«ምን ተገኘ ብለው ሊጽፉ ነው፣ ጋሼ?» አለ ቀጸላ።

አቶ ሲራክ ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ቅጂውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩለትና ገመዱን ሳይነኩ መሰላሉን ወረዱ። ቃጭሉ እየራቀ፣ እየቀጠነ ሄደ።

ወረቀቱ ላይ «በፍተሻው የተገኘ» ከሚለው ፊት ለፊት አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል፦ አልቦ።

ቀጸላ ጣቱን እያስኬደ ሁለት ጊዜ አነበበው። በዚህኛው ጊዜ የትኛው አልቦ እንደሆነ ማንንም አልጠየቀም።